ድክድክ የሚል ልጅ ይዞ ቤተ መጻሕፍት ይኬዳል እንዴ?

አዎ፣ ይኬዳል። ልጁ ማንበብ ባይችልም፣ መጽሐፍ አፉ ውስጥ ሊከት ቢሞክርም፣ አስር ደቂቃ አርፎ ባይቀመጥም ይኬዳል።

ብዙዎቻችን ግን ይሄን ስንሰማ መጀመሪያ የምንለው «ያባርሩኛል እኮ!» ነው። አይፈረድብንም። እኛ ቤተ መጻሕፍት የምናውቀው ለማትሪክ ስናጠና ነው። ጠዋት ተሰልፈን ወንበር እንይዛለን፣ ደብተራችንን ዘርግተን እስኪመሽ እንቀመጣለን። የሳለ ሰው ሁሉ በዓይን ይገረፋል። እንደዚህ ያለ ቦታ የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ መግባት እብደት ይመስላል። ስለዚህ ልጁ ቤት ይቀራል፣ ሲያለቅስ ደሞ ስልክ ይሰጠዋል።

ስለ ስልክ ካነሳን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ስክሪን ባያዩ ይመረጣል ይላል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ልጁ ቁጭ በሚልበት ሰዓት ምን ያድርግ? መመሪያው መጽሐፍ ይነበብለት፣ ተረት ይነገረው ነው የሚለው።

ለምን መጽሐፍ?

ቤት ውስጥ ለህጻን የምንላቸውን ቃላት ቁጠሩ። ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ ተው፣ አትንካ። ቀኑን ሙሉ እነዚህ ናቸው የሚደጋገሙት። የስዕል መጽሐፍ ስትከፍቱ ግን ጉማሬ ይመጣል፣ ሐይቅ ይመጣል፣ ጎጆ፣ ቀስተ ደመና፣ የተናደደ አንበሳ ይመጣል። ልጁ በሰፈሩ የማያገኛቸውን ቃላት ከእናቱ ወይም ከአባቱ አፍ ይሰማል፤ እየጠቆመም ይጠይቃል። ቋንቋ የሚገባው እንደዚህ ነው። ኬጂ ሲገባ አስተማሪዋ የምትለውን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የት ይኬዳል?

አዲስ አበባ ያላችሁ አራት ኪሎ የሚገኘውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታውቁታላችሁ። ታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ ውስጡ የህጻናት ክፍል አለው። በየክፍለ ከተማውና በክልል ከተሞችም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ሁሉም ግን ለህጻን የተለየ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ልጁን ከማልበሳችሁ በፊት ደውላችሁ ወይም ጎራ ብላችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦

• የልጆች ክፍል አላችሁ? ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው የሚገባው?
• በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው ክፍት?
• የልጁን ቦርሳ (ውሃ፣ ዳይፐር) ይዤ መግባት እችላለሁ?
• መጽሐፍ እዚያው ብቻ ነው የሚነበበው ወይስ መዋስ ይቻላል?

በር ላይ ፍተሻ ስለሚኖር መታወቂያችሁን አትርሱ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የህጻናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር። በመደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ቋንቋ መጽሐፍ ሲኖር ለኢትዮጵያ ልጆች የሚሆን በማጣቱ «ሲሊ ማሞ» የተባለ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጀ። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ አካባቢ የህጻናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ቆየት ብሎ ደሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች ማዳረስ ተጀመረ። ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ የመረጠው በዚህ ሥራው ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንዴት ይሁን?

ሰዓቱን ምረጡ። ልጁ ተኝቶ የተነሳበት፣ የበላበት ሰዓት ይሁን። የራበውና እንቅልፉ የመጣ ህጻን የትም ቦታ ያለቅሳል። የፈተና ሰሞን፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ አዳራሹ በተማሪ ስለሚጨናነቅ ለመጀመሪያ ቀን ሌላ ጊዜ ይሻላል።

ቤት ተለማመዱ። ማታ ማታ «አሁን በሹክሹክታ እናውራ» እያላችሁ ተጫወቱ። ህጻን ሹክሹክታ ይወዳል፣ ምስጢር ይመስለዋል። «ዝም በል!» ከምትሉት ይሄ በጣም ይሠራል።

ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። ታክሲ ተሳፍሬ መጥቼ ለሃያ ደቂቃ? አዎ። የመጀመሪያው ቀን ግቡ ማንበብ ሳይሆን ቦታውን መውደድ ነው። እያለቀሰ ከሚወጣ «እንቆይ» እያለ ቢወጣ ይሻላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይጠይቃችኋል።

እሱ ይምረጥ። ሁለት ሦስት መጽሐፍ ፊቱ አስቀምጡለት። ካለ ገጹ ጠንካራ ካርቶን የሆነውን አስቀድሙ፣ በቀላሉ አይቀደድም። ገልብጦ ቢይዘው፣ ከመጨረሻ ቢጀምር ተዉት። ያንኑ መጽሐፍ አምስት ጊዜ «ድገሚልኝ» ቢል አይሰልቻችሁ፤ የሚማረው በድግግሞሽ ነው።

ቃል በቃል አታንብቡ። «ላሟ የታለች? ምን ትላለች? ይሄ ልጅ ለምን አኮረፈ?» በሉት። ማንበብ የማይችሉ አያት ይዘውት ቢሄዱም ስዕሉን እያዩ ተረት ተረት ማለት ይችላሉ። እንዲያውም ከኛ የተሻለ ይችሉበታል።

ቢያለቅስ፣ ቢቀድስ?

ቢያለቅስ አቅፋችሁ ውጡ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ አዙሩት፣ ሲረጋጋ ተመለሱ። ካልተረጋጋ በቃ ወደ ቤት። ሰው ፊት አትቆጡት፣ አትቆንጥጡት። ያን ቀን መጽሐፍን ከቁንጥጫ ጋር ካያያዘው ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ከቀደደ ደሞ ደብቃችሁ ወደ መደርደሪያው አትመልሱ። ለሠራተኛዋ አሳዩ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ አስፈላጊ ከሆነ ክፈሉ። ልጁም ያያችኋል።

የእናንተስ ስልክ? ድምፁን አጥፉና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። አንድ ፎቶ ተነሱ፣ ይበቃል። እናንተ ስክሪን እያያችሁ እሱ መጽሐፍ እንዲያይ መጠበቅ አያስኬድም።

አቅራቢያችሁ ከሌለስ?

ከመንገድ ዳር አዟሪ አንድ የስዕል መጽሐፍ ግዙና ማታ ማታ ሳይተኛ አንብቡለት። ጎረቤት ካላችሁ ተዋዋሱ። ስልካችሁም ይጠቅማል፤ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ አማርኛን ጨምሮ በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጽሐፎች በነጻ አሉት። ስልኩን ለልጁ አትስጡት፣ እናንተ ይዛችሁ አንብቡለት።

ውጭ አገር ያላችሁ ደሞ ዕድሉ በእጃችሁ ነው። ለምሳሌ ሲያትል ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ለነዋሪው በነጻ ነው፣ የአማርኛ መጽሐፍ አለ፣ ከ2020 ጀምሮ መጽሐፍ ላዘገየ ሰው ቅጣት ቀርቷል። አማርኛ ለሚረሳ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የመጨረሻ ነጥብ። የልጆች ክፍል ልጅ ካልመጣበት ባዶውን አይቀመጥም። ትንንሾቹ ወንበሮች ይነሱና ቦታው የጥናት ክፍል ይሆናል፣ ምክንያቱም ለጥናት የሚሰለፍ ሞልቷል። ክፍሉ እንዲኖር የሚያደርገው የሚመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ ለሃያ ደቂቃ፣ የእናንተን ወይም የእህታችሁን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ።

በእናንተ ከተማ ህጻናት የሚገቡበት ቤተ መጻሕፍት ካለ ኮመንት ላይ ጻፉት፣ ሌላ ወላጅ ይጠቀምበታል።