የካታንጋ ደንበኛ ወዴት ሄደ?

ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቃሊቲ ሥራ ሲጀምር ለአቃቂ በሰቃ የኳስ አፍቃሪ ታስቦ የተዘረጋ ይመስል ነበር። ከአቃቂ በታክሲ ቃሊቲ የደረሰ ደጋፊ ባቡሩን ከያዘ በኋላ ሳሪስን፣ ላንቻንና መሿለኪያን አልፎ የሚወርድበት ፌርማታ ስሙም ቦታውም «ስታዲየም» ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ከጭነት መኪና ጋር መጋፋት፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከጎተራ ወርዶ በእግር መሮጥ ቀረለት። መንገዱ በተቃናለት በአምስተኛው ዓመት ግን ሊያየው የሚሄደው ጨዋታ ራሱ ከከተማው ወጣ።

በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር ነገሩ አያስቸግርም። ዕቃው አለ፣ ገዢውም አለ፣ ሱቁ ግን ተዘጋ። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሱቁ ተዘግቶ የቆየበት ጊዜ ሲረዝም ገዢው ሌላ ደንበኝነት ያዘ፤ አንዳንዱም ጭራሽ የመግዛት ልማዱን ተወ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው የአዲስ አበባ ክለብ ደጋፊን ያህል የሚስማማው ሰው በእነዚህ ዓመታት አልነበረም።

የመስኮቱ ገንዘብ

የ1954፣ የ1960 እና የ1968 የአፍሪካ ዋንጫዎችን ያስተናገደው የአዲስ አበባ ስታዲየም ወደ 35 ሺህ ሰው ይይዛል ይባል ነበር። የመቀመጫው ስያሜ ራሱ የዋጋ ዝርዝር ነው። ጥላ ፎቅ ፀሐይም ዝናብም የማይደርስበት፣ ኪሱ የሞላ ሰው የሚገባበት ነው። ከማን አንሼ ስሙ እንደሚናገረው ጥላ ፎቅ ባይደርስም ከተራው ጋር መቆጠር የማይወድ ሰው መቀመጫ ነው። ካታንጋና ሚስማር ተራ ርካሾቹ ሲሆኑ ጩኸቱም፣ ጭፈራውም፣ ቀልዱም የሚወጣው ከእነርሱ ነው። ከአቃቂ ፋብሪካዎች ፈረቃውን ጨርሶ የሚመጣ ሠራተኛ ቦታው የት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በጨዋታ ቀን ከመስኮቱ ውጪ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብም ቀላል አልነበረም። ቆሎና ሱፍ የሚያዞሩ ልጆች፣ ማሊያና ስካርፍ ዘርግተው የሚሸጡ፣ ለመቀመጫ የሚሆን አሮጌ ጋዜጣ የሚቸረችሩ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ላስቲክ ይዘው ከየት መጡ ሳይባል የሚደርሱ፣ በስታዲየሙ ዙሪያ ያሉ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች፣ ከጨዋታ በኋላ ወደ ቃሊቲ የሚጮሁ ታክሲዎች ሁሉ ከዚያው በር ይበሉ ነበር። ይህን ገበያ ማንም ቆጥሮ በመዝገብ አላሰፈረውም። ግብር አልተከፈለበትምና በጠፋ ጊዜም «ጠፋ» ብሎ ሪፖርት ያቀረበ የለም።

ስታዲየሙ ጣራ የነካበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ ከተማው ሌሊቱን በሙሉ አልተኛም። በዓመቱ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወት ትኬት ለማግኘት ሰው ደጅ ላይ አድሯል፤ በአትራፊዎች እጅ የገባው ትኬትም ከመስኮቱ ዋጋ በላይ ተቸብችቧል። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ተሸነፈች።

ይሁንና ብሔራዊ ቡድን የሚያመጣው ተመልካች የበዓል ገበያ ነው። በግ የሚሸጠውም፣ ዶሮ የሚሸጠውም በዚያ ቀን ያተርፋል። የዘወትሩን ገበያ የሚይዘው የክለብ ደጋፊ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ የዘወትር ደንበኛ ያፈሩት በእርግጥ ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው። አንደኛው በ1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሳሽነት አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሁለተኛው በ1968 ዓ.ም. የተወለደው ኢትዮጵያ ቡና ነው። ሌሎቹ በመሥሪያ ቤት በጀት ይኖራሉ። መብራት ኃይል ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ አንስቷል፣ በ1993 ደግሞ ደግሟል፤ ወንበር ግን ሞልቶ አያውቅም። ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ ባንኩ የወንዶች ቡድኑን በተነ። ለቡድኑ ደረት የሚመታ ሕዝብ ስላልነበረ ውሳኔው የአንድ ስብሰባ ጉዳይ ሆነ። በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን መሆኑ ለተጫዋቾቹ ያስመሰግናል፤ ዋንጫውን ይዞ የሚጨፍር ሰፈር ግን አልነበረውም።

ዕቃው ከከተማ ሲወጣ

ለውጡ የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ኮሮና የ2012ን ውድድር ያለ ሻምፒዮን አስቆመው። በዚያው ጊዜ ግድም የተቋቋመው የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የቴሌቪዥን መብቱን ለዲኤስቲቪ ሸጠ፤ ውሉ ለ5 ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተነገረ። ከዚያ በፊት በመስኮት ከሚለቀመው ብርና ከመንግሥት በጀት ሌላ ለማያውቅ ሊግ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም። ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሱ ዘመን በአዲስ አበባ ስታዲየም ተጀመረ። ወንበሩ በወረርሽኙ ምክንያት ጭር ያለ ነበር። ከዚያ ሊጉ ጓዙን ጠቅልሎ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሄደ። ሁሉም ክለብ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ለሳምንታት የሚጫወትበት አሠራር ለቀረጻ አመቺ በመሆኑ ኮሮናው ካለፈም በኋላ ቀጠለ። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለዓመታት በዕድሳት ምክንያት ተዘግቶ ቆየ።

ዋጋውን የከፈለው ማን ነው ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው በየሜዳው እየዞረ የሚደግፈው ሰው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የ2014ን እና የ2015ን ዋንጫዎች ያነሳው ከአዲስ አበባ ውጪ ተጫውቶ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ነጋዴ ዕቃውን ለሰፈሩ ሰው ሳይሸጥ ቀረ እንደማለት ነው። ሸገር ደርቢ የሚባለው የቡናና የጊዮርጊስ ፍልሚያ ራሱ ሸገርን ለቆ ወጣ። ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን የአገሩን ሜዳዎች ስላገደበት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታው «በሜዳው» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። እንዲያ ያለ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ለቆሎ አዟሪው ምን ያህል ያስገባለት እንደነበር ማሰብ ያስቆጫል።

የአቃቂው ደጋፊ በዚህ ረገድ ከሌላው የከተማ ነዋሪ የተሻለ ዕድል ነበረው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው ቱሉ ዲምቱ፣ ከአቃቂ አፍንጫ ሥር ነው። ሊጉ አዳማ ሲገባ ከፒያሳ የሚነሳው ሰው አዲስ አበባን ለማቋረጥ ብቻ ሰዓት ሲፈጅ፣ የአቃቂው ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ እዚያ ይደርሳል። ስሌቱ ግን በኪሎ ሜትር አያልቅም። ጨዋታዎቹ ብዙ ጊዜ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይውላሉ። የቀን ሠራተኛው አንድ ጨዋታ ለማየት የመኪናውን ሒሳብ፣ የመግቢያውን፣ የምሳውን፣ ከዚያም በላይ የቀረበትን የቀን ደመወዝ ይከፍላል። ቀድሞ በከተማ ታክሲ ዋጋ ያገኘው የነበረውን ዕቃ በዚህ ዋጋ ስንት ጊዜ ይገዛል? አንድ ጊዜ ለደርቢው። ከዚያ ቡድኑ ከተሸነፈ ለሚቀጥለው ዓመት።

መሸነፉም አልቀረም። ኢትዮጵያ ቡና የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከ 2017 የውድድር ዘመን ድረስ አልደገመውም። በዚያ ዓመት የተወለደ የደጋፊ ልጅ ጎርምሷል፤ የአባቱን ማሊያ ይለብሳል፣ ዋንጫውን ግን በወሬ ነው የሚያውቀው።

በእጅ በእጅና በቀብድ

ከስታዲየሙ የቀረው ገንዘብ ግን አልተነነም። ከፊሉ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። ከቃሊቲ እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም በሚወስደው መንገድ ዳር የጨዋታ ሰዓት በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ማየት ብርቅ አይደለም። አግዳሚ ወንበር፣ ትልቅ ስክሪን፣ መብራት ሲጠፋ የምትነሳ ጄኔሬተር፣ ሻይና ለስላሳ፤ ካፒታሉ ይኸው ነው። የእንግሊዝ ሊግ ቅዳሜና እሁድ ስለሚውል ለሠራተኛው ይመቸዋል፤ መግቢያውም ከመንገድ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

እዚህ ላይ ለባለሀብቱ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አሠልጣኝ የቀየረው ማንቸስተር ዩናይትድ በዚያ የውድድር ዘመን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨርሷል፤ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተረትቷል። ይሁንና ኦልድ ትራፎርድ ከ70 ሺህ በላይ ተመልካቹን አላጣም። ምክንያቱ እንግሊዛዊው ከእኛው ደጋፊ የተለየ ታማኝ ስለሆነ አይደለም። የዓመት ትኬቱን አስቀድሞ ገዝቷል። ቀብድ የበላ ሻጭ ገዢው ቢያኮርፍም ገንዘቡ እጁ ላይ ነው። የካቲት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. አርሰናል በገዛ ሜዳው በማንቸስተር ሲቲ 3 ለ 0 ሲሸነፍ በበረዶውም በንዴቱም የቀረው ሰው ብዙ ስለነበር ባዶ ወንበር በረድፍ በረድፍ ይታይ ነበር። ክለቡ ግን የተመልካቹ ቁጥር ከ58 ሺህ በላይ ነው ብሎ አስነገረ፤ የቆጠረው የተሸጠ ትኬት ነበርና። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ አርሴን ቬንገር መልቀቃቸውን አሳወቁ። የወንበሩ ባዶነት ገንዘብ ባያስቀርም መልእክቱ ደርሷል።

የአቃቂው ዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት ቀብድ የለውም። የሚሸጠው በእጅ በእጅ፣ በየጨዋታው ነው። ዩናይትድ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፍ ደጋፊው ሰፈር ውስጥ መላገጫ ላለመሆን ቤቱ ይቀራል፤ የወሩ የዲኤስቲቪ ክፍያና የቤት ኪራይ ግን አይቀሩም። የአዲስ አበባ ስታዲየም መስኮትም የሚሸጠው እንደዚሁ ነበር። የደጋፊ መታወቂያና የአባልነት መዋጮ በሁለቱ ክለቦች ዘንድ ቢኖርም፣ የዓመቱን ወንበር በቅድሚያ ሸጦ የዓመቱን ወጪ የመሸፈን ልማድ ግን ሥር አልሰደደም። ስለዚህ ሜዳው በራቀ ጊዜ ገቢው በአንድ ጀምበር ቆመ።

ወጪው ግን አልቆመም። ክለቦቹ ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣሉ። የተጫዋች ደመወዝም በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሊበጅለት የተሞከረው እንዲሁ በዋዛ አልነበረም። ቀዳዳውን ይደፍን የነበረው ቢራ ነው፤ ጊዮርጊስን የጊዮርጊስ ቢራ፣ ቡናን ሐበሻ ቢራ ሲደግፉ ቆይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ይህም ምንጭ ጠበበ። ለነገሩ ማስታወቂያ ከፋዩ የሚገዛው የተጫዋቹን ደረት ሳይሆን ያንን ደረት የሚያየውን ዓይን ነው። ባዶ ካታንጋ ፊት የሚሮጥ ማሊያ ዋጋው ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ ወደ ድርድር የገባ የክለብ ሥራ አስኪያጅ ካለ ይበል የሚያሰኝ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ በራሱ ስም የሚጠራ ቡድንም ነበረው፤ በ2011 ዓ.ም. በከፍተኛ ሊግ ተወዳድሯል። የሰፈር ልጅ የሚሰለፍበት፣ በእግር ተሂዶ የሚታይ ቡድን መሆኑ ትልቁን ሊግ ያጣውን ደጋፊ ሊማርክ በተገባ ነበር። የክፍለ ከተማ ቡድን ግን በበጀት የሚኖር እንጂ በትኬት የሚኖር አይደለም። ሰው መጣም ቀረ ሒሳቡ ላይ ለውጥ ስለሌለው ደንበኛ ፍለጋ የሚወጣ ሰው አልተመደበለትም።

ደርቢው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አቃቂ ላይ ወሳኙ ሰው ሪሞቱን የያዘው ነው። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ከእንግሊዝ ጨዋታ ጋር በአንድ ሰዓት ከተጋጨና ቤቱ ውስጥ ያለው ስክሪን አንድ ብቻ ከሆነ፣ ባለቤቱ በዓይኑ ራስ ይቆጥራል። በዝቶ የተገኘው ወገን የመረጠው ይከፈታል፤ የቀረው ሒሳቡን ሳይከፍል ይወጣል።