ግሉኮሱ ይፍጠንለት?

ሕመምተኛ ይዘን ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው ጥያቄ «ግሉኮስ አይሰካለትም እንዴ?» የሚለው ነው። እርስዎም ሳይጠይቁ አልቀሩም። በነገራችን ላይ ግሉኮስ የምንለው ሁሉ ስኳር ያለው አይደለም፤ ለጽኑ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው።

ጥያቄው አንዳንዴ ልክ ነው። ሴፕሲስ፣ በተለምዶ የደም መመረዝ የምንለው፣ ሰውነት ኢንፌክሽን ሲዋጋ የራሱን አካል መጉዳት ሲጀምር የሚከሰት ሕመም ነው። መነሻው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ያመረቀዘ ቁስል ሊሆን ይችላል። የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊትና አንጎል በቂ ደም አያገኙም። ስለዚህ ዓለም አቀፉ መመሪያ የደም ዝውውሩ ለተዳከመ አዋቂ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.8 ሊትር ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን ሴፕሲስ የልብን ጡንቻም ያደክማል። ከሕመሙ በሚያገግሙ ሰዎች ልብ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ጉልበቱን ይመልሳል፤ በዚያ የድካም ሰዓት ግን የሚጨመርለትን ሁሉ መግፋት ያቅተዋል። ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም፣ ትንፋሽም ሊያጥር ይችላል።

ሐኪሞችን ቆም ብለው እንዲያስቡ ያደረገው ጥናት የተካሄደው ሩቅ አገር አይደለም፤ በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ልጆች ተካተውበታል። ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100ው ወደ 11 የሚጠጉት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ በፍጥነት ካልተሰጣቸው የሞቱት 7 ገደማ ነበሩ። የተጠበቀው የዚህ ተቃራኒ ነበር። የሞቶቹ መንስኤ ኋላ ላይ ሲመረመር ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ከሳንባ ውኃ መቋጠር ሳይሆን ከልብና ከደም ዝውውር መውደቅ ሆኖ ተገኘ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «ተጨማሪ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ይህን ጥናት ሳነብ የደነገጥኩትም ለዚያ ይመስለኛል። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸው ልጆች ግን በጥናቱ አልነበሩም፤ ለእነሱ የፈሳሽ ምትክ አሁንም ሕይወት አዳኝ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ ትንሽ ሰጥቶ፣ ግፊት ለክቶ፣ ሳንባ አዳምጦ፣ እንደገና ቢያስብ ችላ አለን አይበሉ። አንዳንዴ የታማሚውን እግር ብቻ ከፍ ያደርጋል። ከእግሩ ወደ ልቡ የሚመለሰው የራሱ ደም ለጊዜው እንደ ፈሳሽ ያገለግላል፤ ልብ በዚያ ከበረታ ተጨማሪ ፈሳሽ ሊጠቅመው እንደሚችል ይታወቃል፤ ካልበረታ ግፊቱን በመድኃኒት መደገፍ ሊመረጥ ይችላል።

ከአስታማሚ የሚጠበቀው ቀላል ነው። ታማሚው የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት ገና ሲገቡ ይናገሩ፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። ሽንቱ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ያስተውሉ። አንቲባዮቲክ መጀመሩንም ይጠይቁ፤ ፈሳሽ ኢንፌክሽኑን አያጠፋም። ግሉኮሱ ተሰክቶ ሳለ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ማሳል ከጀመረ ነርሷን ወዲያው ይጥሩ። «ቶሎ ይለቅለት» ብለው የጠብታ መቆጣጠሪያዋን በራስዎ እጅ አይክፈቱ፤ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰውም እንዳይነካት ይጠብቁ።