ኮዱ ነጻ፣ መመሪያውስ? የዴቢያን የፈቃድ ክርክር

አንድ ፕሮግራም ነጻ ነው ስንል አጠቃቀሙን የሚያስረዳው መጽሐፍስ የዚያው ነጻነት ተካፋይ ነውን? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2000 «የግኑ ነጻ የሰነድ ፈቃድ»ን አወጣ። ፈቃዱ ደራሲው አንዳንድ ክፍሎችን «የማይለወጡ» ብሎ እንዲሰይም ያስችላል። የጽሑፍ ማረሚያው የኢማክስ መመሪያ የግኑን ማኒፌስቶ የያዘው በዚህ መልክ ነው፤ መጽሐፉን የሚያሻሽል ሁሉ ማኒፌስቶውን ሳይነካ ማቆየት አለበት። የፈቃዱ ደጋፊዎች መከራከሪያ ግልጽ ነው፦ የአቋም መግለጫ ቴክኒካዊ ትምህርት አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢለውጠው የባለቤቱ ቃል ይዛባል።

የዴቢያን ስርጭት በበኩሉ በ1997 ያጸደቀው ማኅበራዊ ውል የመለወጥን መብት ይጠይቃል። አባላቱ በ2004 በሰጡት ድምፅ መለኪያው ለፕሮግራም ብቻ ሳይሆን በስርጭቱ ለሚካተት ሥራ ሁሉ እንደሚያገለግል ግልጽ አደረጉ። በ2006 ደግሞ በዚህ ፈቃድ የወጣ ሰነድ ነጻ የሚሆነው የማይለወጥ ክፍል ከሌለው ብቻ እንደሆነ ወሰኑ። ስለዚህም የኢማክስ ኮድ በዋናው ክፍል ሲቆይ መመሪያው «ነጻ ያልሆነ» ወደሚባለው ክፍል ተዛወረ።

ዋጋውን የከፈለው ተጠቃሚው ነው፤ ፕሮግራሙን የጫነ ተማሪ መመሪያውን ለብቻው መፈለግ ግድ ሆነበት። ከዚህም በላይ የሰነዱ ፈቃድ ከኮዱ ፈቃድ ጋር ስለማይጣጣም፣ ባለመብቱ ካልፈቀደ በቀር ከኮዱ ማብራሪያ አንቀጽ ወስዶ መመሪያው ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ሁለቱም ወገኖች የቆሙት ለነጻነት ነው፤ አንዱ የደራሲውን ቃል፣ ሌላው የተጠቃሚውን እጅ ይጠብቃል። እናንተም ለሥራችሁ ፈቃድ ስትመርጡ ኮዱንና ሰነዱን አንድ ላይ አስቡ።