አልትራሳውንድ የጡንቻ ብግነትን ለመለየት የሚሰጠው ጥቅም

የአልትራሳውንድ መሣሪያ ስሙ በአብዛኛው የሚነሳው ከነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ጋር ተያይዞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር እርግዝናዋ 24 ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጊዜ በመሣሪያው እንድትመረመር መክሯል። ይሁንና አልትራሳውንድ በጡንቻ ላይ የሚደርስ ብግነትን ለመለየትም ያገለግላል።

የጡንቻ ብግነት መነሻው የተለያየ ነው። ፖሊማዮሳይተስና ደርማቶማዮሳይተስ የተባሉት ሕመሞች የሚከሰቱት የሰውነት የመከላከል ኃይል የራሱን ጡንቻ ሲያጠቃ ነው። ታማሚው ከመቀመጫው ለመነሳት፣ ደረጃ ለመውጣትና ክንዱን ለማንሳት ይቸገራል። ድክመቱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚብስ በመሆኑ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ማሳዎች ወይም በአዳማ የግንባታ ሥራዎች ላይ የሚውል ሠራተኛ የሥራ ድካም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በሞቃት አካባቢዎች በብዛት የሚታየው ፓዮማዮሳይተስ ደግሞ ባክቴሪያ በጡንቻ ውስጥ መግል እንዲቋጠር የሚያደርግበት ሕመም ሲሆን፣ ትኩሳትና ሥቃይ ያስከትላል።

ሁለቱን መለየት ያስፈለገው ሕክምናቸው ተቃራኒ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው የመከላከል ኃይልን በሚያበርዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ይታከማል። ሁለተኛው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና መግሉን ማስወጣት ይጠይቃል። መግል ለቋጠረ ጡንቻ ስቴሮይድ ብቻ ቢሰጥ ኢንፌክሽኑ ተስፋፍቶ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ጤናማ ጡንቻ ጠቆር ብሎ፣ በመካከሉ ነጫጭ መስመሮች ተሰራጭተውበት ይታያል። ብግነት ሲኖር ጡንቻው ይነጣል፤ የደም ፍሰቱም ሊጨምር ይችላል። ለውጡ በሁለቱም ጭኖች ወይም ትከሻዎች ላይ ከታየ ወደ መጀመሪያው ዓይነት፣ በአንድ ወገን ብቻ ፈሳሽ የቋጠረ ክፍል ከታየ ደግሞ ወደ መግል ያመለክታል። ምርመራው ጨረር የለውም፤ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ ለመምረጥና መግሉን በመርፌ ለመቅዳትም ይረዳል።

ይሁን እንጂ ምስሉ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። ፓዮማዮሳይተስ ገና ሲጀምር መግል ላይታይ ስለሚችል ምርመራውን መድገም ያስፈልጋል። የደም ኢንዛይም መጠን፣ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ እንዲሁም የጡንቻ ናሙና ውጤት ከምስሉ ጋር ተገናዝበው መታየት አለባቸው።

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው አዳማ፣ ይበልጥም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው ባቱና 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው መተሐራ ይህ ትርጉም አለው። መግል የቋጠረ ታማሚ በአቅራቢያው ከተለየ ረጅም ጉዞ ሳይጠብቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ያለበትም ጡንቻው ሳይመነምን በጊዜ ይላካል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሁልጊዜ አዲስ መሣሪያ አይደለም። ለእርግዝና የሚውለው መመርመሪያ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ሲሆን፣ ለጡንቻ ከፍ ያለ ድግግሞሽ ያለው ቀጥ ያለ መመርመሪያ ይመረጣል። በመሆኑም የጤና ተቋማት ኃላፊዎች የመሣሪያ ግዥ ሲያቅዱ ይህን መመርመሪያ በዝርዝሩ ማካተት፣ ከዚሁ ጎን ለጎንም ባለሙያዎች የጡንቻን ምስል እንዲያነቡ ማሠልጠን ይጠበቅባቸዋል።