ለመስጠት የተቀመጠ ገንዘብ

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ስጡ መባል አያስፈልገንም። የምንሰጥበትን መንገድ ግን አንመርጥም፦ ለለቅሶ ጎፈንድሚ፣ ለቤተ ክርስቲያን ቼክ፣ ለአገር ቤት ሐዋላ፣ አለቀ።

ለተመዘገበ ድርጅት በቀጥታ መስጠት ቀላሉ ነው፤ ደረሰኝዎን ይያዙ። የራስን ፋውንዴሽን ማቋቋም የባለጸጋ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ገደማ ማውጣት ግዴታው ነው። ዕድሜዎ ከ70 ዓመት ተኩል ካለፈ ከጡረታ ሒሳብዎ (ከአይ.አር.ኤ) በቀጥታ ለድርጅቱ ማስተላለፍ ይችላሉ። እኔ የምወደው ግን ብዙዎቻችን የማንጠቀምበትን ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ ነው።

በተመዘገበ ድርጅት ሥር ለመስጠት የሚቀመጥ ሒሳብ ነው፤ እንደ ጎተራ በጥጋብ ዓመት ያስገባሉ፣ ቀስ እያሉ ያወጣሉ። የታክስ ተቀናሹ ግን የሚያዘው ባስገቡበት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ባልና ሚስት ወጪ ሳይዘረዝሩ 31,500 ዶላር ይቀነስላቸው ነበር። ሌላ ተቀናሽ የሌላቸው በየዓመቱ 8,000 ቢሰጡ በታክስ በኩል የሚያገኙት ነገር እምብዛም ነው። የአምስቱን ዓመት 40,000 ባንዴ ቢያስገቡ ግን መዘርዘሩ ያዋጣቸዋል።

ስቶክ የመስጠት ጥቅም ደግሞ ይበልጣል። በ2,000 ዶላር የገዙት 10,000 ደርሷል እንበል። ሸጠው ቢሰጡ የ8,000ው ትርፍ ታክስ አለበት። ከዓመት በላይ ከያዙትና ስቶኩን ራሱን ካስተላለፉ ግን የትርፍ ታክስ የለም፤ ተቀናሹም በ10,000 ይሰላል። አንድ ወዳጄ ሸጦ ቼክ ሊጽፍ ሲል ይህን ብነግረው «ከእግዜር ጋር ሒሳብ የለም» አለኝ። ከእግዜር ጋርስ የለም፤ ከአይ.አር.ኤስ ጋር ግን አለ።

የሚያናድደኝ «ፈንዱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የኔ ነው» የሚሉት ነው። አይደለም! አንዴ ከገባ አይመለስም። እርስዎ ለማን ይሰጥ ብለው ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ውሳኔው ግን ፈንዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ድርሻ ነው። የወንድምዎን ልጅ ትምህርት ቤት አይከፍሉበትም፣ የእራት ግብዣ ትኬትም አይገዙበትም። ጎንደር ላለው ደብር በቀጥታ የላኩትም ቢሆን፣ ከኪስዎ እንኳ ቢወጣ፣ ተቀናሽ አይሆንም፤ እዚህ የተመዘገበ፣ ገንዘቡን ራሱ የሚቆጣጠር ድርጅት መሀል መግባት አለበት።

ሕጉ ለፈንዱ የማውጫ ቀነ ገደብ ስላላስቀመጠለት፣ ተቀናሹን ወስደው ገንዘቡን ለዓመታት የሚረሱ አሉ። አስተዳዳሪው ግን በየዓመቱ ክፍያውን ይቆርጣል፤ የሚሰጡበትን ወር ከወዲሁ ይወስኑ።