ያውቁ ኖሯል? የሎሚ ቅጠልና የሕፃን ገንፎ በመቐለ ግቢ

ያውቁ ኖሯል? ግቢዎ ውስጥ የሎሚ ዛፍ ካለ ቢራቢሮ ለማርባት ግማሽ መንገድ ሄደዋል። ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ትልቋ የሎሚ ቢራቢሮ እንቁላሏን ለጋ ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል ገና ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ወፍ ደግሞ ኩስ አትለቅምም። እያደገ ሲሄድ ቆዳውን እየገፈፈ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ በጣትዎ ነካ ቢያደርጉት ከራሱ ጀርባ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ቀንድ አውጥቶ የሚሰነፍጥ ሽታ ይለቅብዎታል። አይናደፍም፤ ማስፈራራት ብቻ ነው።

አረባቡ እንዲህ ነው። ትሉ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጠው ውሃ ባለበት ጠርሙስ ያቁሙት። ትሉ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ ይወትፉት። ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ በትኩስ ይተኩለት። ጸረ ተባይ የተረጨ ቅጠል ይገድለዋል፤ ጎመን ቢሰጡት ደግሞ ጾሙን ያድራል። ጠግቦ ሲጨርስ ወገቡን በቀጭን የሐር ክር ከእንጨት ጋር ያስርና ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ቢራቢሮዋ ስትወጣ ክንፏ የተጨማደደ ስለሆነ ወደ ታች ተንጠልጥላ የምትዘረጋበት ቦታ ያስፈልጋታል። ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ከወጣች ክንፏ እንደተጣመመ ይደርቅና ዕድሜዋን ሙሉ አትበርም። ልጆች ብልቃጥ በክዳን ገጥመው «ቢራቢሮ አለን» ሲሉ ብሰማ የምቃወመው ለዚህ ነው።

ቢራቢሮ በእግሯ ትቀምሳለች። እንቁላል ከመጣሏ በፊት ቅጠሉን በእግሯ ደብደብ የምታደርገው ትክክለኛው ተክል መሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ወደ ቆላው ሲወርዱ በየመንገዱ ዳር የሚያዩት ቶብያ ወተቱ መርዛም ነው፤ ሕፃናት በነኩበት እጅ ዓይናቸውን እንዳያሹ። የአንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮ ትል ግን ቶብያን እየበላ ያድጋል፤ መርዙንም ሰውነቱ ውስጥ ስለሚያከማች ወፎች ይሸሹታል። መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ ደግሞ የዚችኑ መልክ ተላብሳ በሰው ስም ትኖራለች። ብርቱካናማዋ በጥንታዊት ግብፅ ከ3,300 ዓመት በፊት በተሣለው፣ ነባሙን በተባለ ሰው መቃብር ሥዕል ላይ ትታያለች።

አሁን ወደ ሌላው በላተኛ፣ ወደ ሕፃኑ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አይጨመርም። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ምን ያህል ይብላ ከማለት ይልቅ ገንፎው ምን ያህል ይወፍር የሚለው ነው። የ8 ኪሎ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ግራም ገደማ ነው። ቀጭን አጥሚት ከጠጣ ሆዱ በውሃ ይሞላል እንጂ አይጠግብም። ገንፎው ማንኪያውን ሲያዘነብሉት ወዲያው የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል ማለት ነው።

ገንፎው ወፍሮ ለመዋጥ ካስቸገረው ብቅል አለልዎት። ለጠላ የሚያበቅሉት እህል ሲበቅል ስታርችን የሚሰብር ኢንዛይም ያወጣል። ለብ ወዳለ ወፍራም ገንፎ ጥቂት የብቅል ዱቄት ቢጨምሩ ውሃ ሳይጨምሩበት ይለሰልሳል፤ ከዚያ መልሰው ያፍሉት። ለምጥኑ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ምስር ጥሩ ልክ ነው፤ በእህሉ የሚጎድለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላል።

ያውቁ ኖሯል? መቐለ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ባቄላው አልበስል ቢል ሁልጊዜ ምድጃውን አይውቀሱ። ለሕፃን የሚሰጥ ውሃም ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ቢፍላ የሚበቃው እዚህ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት።

የትግራይ ነጭ ማር ንጣቱን የሚያገኘው በዋናነት ጠበብ ከሚባለው ቁጥቋጦ አበባ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ጠብታም አይቀመስ። ማር የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ማፍላትም አይገድለውም። ለአዋቂ ምንም የማያደርገው የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን መርዝ ያመነጫል።

ከአፋር በግመል ሲመጣ የኖረው አሞሌ አዮዲን አልተጨመረበትም። ኢትዮጵያ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሕፃን 1 ዓመት እስኪሞላው ምግቡ ላይ ጨው አያስፈልገውም፤ አዮዲኑን ከእናቱ ወተት ያገኛል፤ ስለዚህ አዮዲን ያለውን ጨው መብላት ያለባት እናትየዋ ናት። እርሷም ድስቱ ሊወጣ ሲል ትጨምረው፤ እሳት ላይ ሲቆይ ይተናል።

ትግራይ ውስጥ ነፍሳት የማርባት ነገር ከተነሣ በለስ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኮቺኒያል የምትባለው የበለስ ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ምርት ገባች። ከቁጥጥር ወጥታ በደቡብ ትግራይ ብዙ በለስ አደረቀች። ለ1 ኪሎ ደረቅ ምርት ከ100,000 በላይ ነፍሳት ይለቀማሉ፤ ቀይ ቀለሙ የከንፈር ቀለምና ከረሜላ ውስጥ ይገባል። ማሸጊያው ላይ የዚህ ቀለም መለያ የሆነው ኢ120 ያለበት ከረሜላ የጾም ነው ወይስ አይደለም? እርሱን ለንስሐ አባትዎ ትቻለሁ።

በለስን የምታጠፋ የእሳት እራትም አለች። አውስትራሊያ ውስጥ በለስ አረም ሆኖ 24 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም ከትግራይ 4 እጥፍ የሚበልጥ መሬት ሲወርር፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የዚችን እራት እንቁላል ከአርጀንቲና አስመጥተው አራቡት። ትሎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን ጠራረጉት። ገበሬዎቹም በኩዊንስላንድ፣ ቡናርጋ እ.ኤ.አ. በ1936 በስሟ መታሰቢያ አዳራሽ ከፈቱላት። በለስን በየማዕዷ የምታቀርበው ሜክሲኮ ግን ያችኑ እራት እ.ኤ.አ. በ2006 አንዲት ደሴቷ ላይ ስታገኝ አሳድዳ አጠፋቻት።