ካካኦ የሚራገፍበት ወደብና የከተማው ሒሳብ

ነጋዴ የአንድን ከተማ ዕድገት የሚለካው በሕንፃው ብዛትና በገበያው ድራት ነው። የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ሌላ ዓይነት የሒሳብ መዝገብ ከፈተ።

መዝገቡ የተቀዳው እንግሊዛዊቷ የኢኮኖሚ ባለሙያ ኬት ራዎርዝ “ዶናት” ብለው ከሰየሙት ሥዕል ነው። የውስጠኛው ክብ ምግብን፣ መኖሪያ ቤትንና ሥራን የመሳሰሉ ማንም ሊያጣቸው የማይገቡ 12 መሠረታዊ ነገሮችን ይዟል። የውጨኛው ደግሞ ምድር ልትሸከም የምትችላቸውን 9 ወሰኖች ያሳያል። የከተማው ኑሮ ደኅና ነው የሚባለው በሁለቱ ክቦች መካከል ሲውል ነው።

ሀብታሚቱ ከተማ በዚህ ሚዛን ስትመዘን ጉድለት ተገኘባት። ከተከራዮቿ ወደ 20 በመቶ የሚጠጉት ኪራይ ከፍለው የሚተርፋቸው ገንዘብ ለመሠረታዊ ፍላጎታቸው አይበቃም ነበር።

ነጋዴውን ይበልጥ የሚነካው ግን ከከተማው ክልል ውጪ ያለው ሒሳብ ነው። የአምስተርዳም ወደብ ካካኦ በማስገባት ከዓለም ቀዳሚ ነው። ጭነቱ በብዛት የሚመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ሲሆን፣ በዚያ እርሻ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛና የደን ምንጠራ ይታያል። ወደቡ ገቢውን ሲቆጥር ይህ በዕዳ በኩል ይመዘገባል።

በእርግጥ መዝገቡ ዕዳውን ያሳያል እንጂ ከፋዩን አይጠቁምም። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው የደን ጥበቃ ደንብ ከካካኦ ጋር ቡናንም ይጨምራል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡና ላኪም ስለ ዋጋና ጥራት ብቻ ሳይሆን ቡናው ስለበቀለበት መሬት ማስረጃ የሚጠየቅበት ገበያ ይጠብቀዋል።